መንፈስ ቅዱስ በቁልፍ አይበራም



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው። ኪቦርዱ ላይ ከብዙ ቁልፎች መካከል ተቀምጣለች፤ «አርፕ» ወይም «አርፔጂዮ» የሚል ጽሑፍ አለባት። ስትጫን መብራቷ ይበራል። እሷ ስትበራ በብዙ ጉባኤዎቻችን ውስጥ እጆች ይነሣሉ፣ ጩኸቱ ይጨምራል፣ መድረክ ላይ ያለው ወንድም «መንፈስ ቅዱስ እየሠራ ነው!» ይላል። በዚያ ሰዓት እየሠራ መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቀው አርፔጂዬተሩን ነው። ስለ ሌላው ግን መጽሐፍ እንደሚያዝዘን መመርመር ይገባናል (1ኛ ተሰ. 5፥21)።

«ይህ የሙዚቀኞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሁድ እሁድ ቆሞ የሚዘምር ሁሉ ያገባዋል። ጓደኛው ጋብዞት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ሰው ደግሞ ከሁላችንም በላይ ያገባዋል።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

በቅድሚያ ነገሩን እንወቀው፤ ሳያውቁ መፍረድ ደግ አይደለም። ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ አብሮ መምታት ኮርድ ይባላል። እነዚያኑ ድምፆች አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ መደርደር ደግሞ አርፔጂዮ ነው። ቃሉ የጣልያንኛ ሲሆን የመጣው በገና መሰሉን የአውሮፓ ባለ አውታር መሣሪያ ከሚጠሩበት ስም ነው። በገና ደርዳሪ አውታሩን በየተራ እንደሚነካ ማለት ነው።

አርፔጂዬተር ይህን ሥራ ከሰው ጣት ወስዶ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ኪቦርዲስቱ ዶ፣ ሚ እና ሶልን ይይዛል፤ መሣሪያው ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወይም እየዘበራረቀ በተሞላለት ፍጥነት ይደረድርለታል። «ሆልድ» የሚባለው ሲበራ ደግሞ ኪቦርዲስቱ እጁን ቢያነሣም ድርደራው አይቆምም። ሂሳቡን እንሥራው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆንና እያንዳንዱ ምት ለአራት ቢከፈል፣ መሣሪያው በሰከንድ 8፣ በደቂቃ 480 ድምፅ ያወጣል። አምስት ደቂቃ በሚፈጅ ጸሎት ውስጥ 2400 ድምፅ ማለት ነው። ኪቦርዲስቱ ያንቀሳቀሰው ኮርድ ለመቀየር ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጁፒተር-4፣ በኋላም በ1982 ባወጣው ጁኖ-60 ላይ አርፔጂዬተር ነበረ። በዚያን ጊዜ ውድ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን በርካሽ ኪቦርዶች ላይ ሳይቀር አለ፤ በየአጥቢያችንም ገብቷል።

ሰይጣን ኪቦርድ ውስጥ አልተቀመጠም

«ይህ የዳንስ ቤት ድምፅ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። መሣሪያን በትውልዱ የምንኮንን ከሆነ የሚተርፈን የለም። ኦርጋንም በዘመኑ ተኮንኗል፤ በተሐድሶው ዘመን በዙሪክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1527 የትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ፈርሷል። የከተማው ተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር! ዛሬ ግን ኦርጋንን የመንፈሳዊነት ምልክት አድርገው የሚያዩ ብዙ ፕሮቴስታንቶች አሉ። መሣሪያ ሽቦና ብረት ነው፤ በገናም እንጨት፣ ቆዳና አውታር ነው።

ስለዚህ የወጣቶች ፈጣን መዝሙር ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሲቀረጽ፣ ወይም ከአምልኮ በፊት ሰዎች እየገቡ ሳለ አርፔጂዬተር በልኩ ቢሰማ ማንንም ኃጢአተኛ አልልም። እኔ የምከራከረው ከመሣሪያው ጋር አይደለም። የምከራከረው «ከባቢውን ይከፍታል»፣ «አየሩን ይቀይራል»፣ «ክብሩን ያወርዳል» ከሚለው ትምህርት ጋር ነው። ይህ ትምህርት ተጽፎ ባይሰጥም በልምምድ ክፍል ይሰጣል። «እዚህ ጋ ፓስተሩ መጸለይ ሲጀምር አርፑን ልቀቀው» ሲባል፣ የተማርነው ስለ ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔርም አንድ ነገር ተምረናል። የተማርነውም ስሕተት ነው።

«ኤልሳዕስ ባለ በገና አስጠርቶ የለም?»

የመጀመሪያው መከራከሪያቸው ይህ ነው። እውነት ነው፤ ኤልሳዕ ባለ በገና አስጠርቷል፤ ሰውየው ሲደረድርም የእግዚአብሔር እጅ በነቢዩ ላይ ሆነች (2ኛ ነገ. 3፥15)። ነገር ግን ገጹን ሳትዘጉ ቀጣዮቹን ሁለት ቁጥሮች አንብቡ። የመጣው ቃል ምን ነበር? በሸለቆው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሩ የሚል ነበር። ነፋስም ዝናብም ሳያዩ ሸለቆው በውኃ እንደሚሞላ ተነገራቸው። ምንም የሚታይ፣ ምንም የሚሰማ ምልክት ሳይኖር ቃሉን አምነው አካፋ እንዲያነሡ ታዘዙ! ይህን ክፍል ለስሜት ማነሣሻ ጠበቃ አድርጎ የሚያቆም ሰው ጠበቃው በራሱ ላይ እንደሚመሰክርበት አላወቀም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ዳዊትና ሳኦል ነው። ዳዊት በእጁ ሲደረድር ሳኦል ይሻለው ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። አሜን። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል እንዴ? ያው ዳዊት ያንኑ በገና እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦሩን ወረወረበት (1ኛ ሳሙ. 18፥10-11)፤ ሌላ ጊዜም ደገመው (1ኛ ሳሙ. 19፥9-10)። በገናው ሳኦልን አሳረፈው፤ ልቡን ግን አልለወጠውም። በምድር ላይ ከዳዊት የተሻለ ደርዳሪ ከየት ልናመጣ ነው? ዳዊት ራሱ በጣቶቹ ያላደረገውን ከጃፓን የመጣ ሰሌዳ ያደርግልናል ብለን እንጠብቃለን?

ሦስተኛው «ሰዎች ይነካሉ፤ ፍሬውን አይተናል» የሚለው ነው። ፈጣን፣ የማያቋርጥና ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ የሰውን አካል ያነሣሣል። ልብ ይመታል፣ ፀጉር ይቆማል፣ እንባ ይመጣል። እግዚአብሔር አካላችንን እንዲህ አድርጎ ፈጥሮታል፤ በዚህ አናፍርም። ነገር ግን ይኸው ነገር የኢየሱስ ስም በማይጠራበት ኮንሰርትም ይሆናል። ያለ ክርስቶስ የሚሆነውን ነገር የክርስቶስ መገኘት ማረጋገጫ ልናደርገው አንችልም። የበኣል ነቢያት ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኹና ሲዘልሉ ውለዋል፤ እሳት ግን አልወረደም። ኤልያስ በአጭር ጸሎት እግዚአብሔርን ጠራ፤ እሳቱ ወረደ (1ኛ ነገ. 18)። ቅርሜሎስ ላይ ስሜቱ የበረታው ወገን የተሸነፈው ወገን ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። ቁልፏን አጥፏት። ስትጠፋ አብሮ የሚጠፋ «መገኘት» ካለ ያ የመሣሪያው መገኘት ነበር። የሚቀረው ግን የጌታ ነው።

የማይሰማ አገልጋይ

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። አርፔጂዬተር አይሰማም።

ጉባኤ ሲዘምር ይተነፍሳል። እናቶች ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ይስባሉ። አንድ ሰው እያለቀሰ ቃሉ ይይዘዋል፤ አጠገቡ ያለው ይጠብቀዋል። አንዳንዴ ጉባኤው አንዱን ሐረግ ሳይጠሩት ይደግመዋል፣ ይዘገይበታል፣ አይጠግበውም። ጥሩ ኪቦርዲስት ይህን ሲሰማ እጁን ያሳርፋል፤ ጥሩ ከበሮ መቺም መሪውን ዐይቶ ይለዝባል። አርፔጂዬተር ግን 120 ከተባለ 120 ነው። ስለዚህ የሚሆነው ምንድን ነው? ጉባኤው ይቸኩላል። ከዚያ አረጋውያኑ ይተዋሉ። ከዚያ የማያውቁት ይተዋሉ። በመጨረሻ መድረክ ላይ አምስት ሰዎች ይዘምራሉ፤ እኛ እጃችንን አንሥተን እናያቸዋለን፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ዝም ማለታችን አይታወቅም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ግን እርስ በርሳችን በመዝሙርና በዝማሬ እንድንነጋገር አዘዘ (ኤፌ. 5፥19)። እርስ በርስ ለመነጋገር እርስ በርስ መሰማማት ያስፈልጋል። ሰሎሞን መቅደሱን በመረቀ ጊዜም መለከት ነፊዎቹና መዘምራኑ እንደ አንድ ሆነው አንድ ድምፅ ማሰማታቸውን መጽሐፍ ይነግረናል (2ኛ ዜና 5፥13)። ጎረቤቱን የማይሰማ መሣሪያ እንዴት አድርጎ አንድ ያደርገናል?

በኛ መዝሙር ላይ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ብዙ መዝሙሮቻችን ችክችካ በምንለው በስድስት ስምንተኛ ምት የሚሄዱ ናቸው። ኪቦርዲስቱ አራት ድምፅ ያለው ኮርድ ይዞ አርፔጂዬተሩን ቢለቀው፣ መሣሪያው በአራት በአራት ይዞራል፣ ሕዝቡ በስድስት ያጨበጭባል። ሁለቱ የሚገናኙት በየሁለት ባሩ ብቻ ነው። በመሃል ያለው ሕዝብ አጨብጫቢው ተሳሳተ ብሎ ወደ ጎረቤቱ ያያል፤ የተሳሳተው ግን ማሽኑ ነው። ቅኝቱም እንዲሁ ነው። ትዝታ አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በአንዳንድ ኪቦርዶች ላይ ተዘጋጅተው የሚመጡት ድርደራዎች ለሰባት ድምፅ የተሠሩ ስለሆኑ ፋንና ሲን ሾልከው ያስገባሉ። እናታችን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን መዝሙር «ዛሬ ምን ነካው?» የምትለው ለዚህ ነው። ጳውሎስ ዋሽንትና በገና የድምፅ ልዩነት ካልሰጡ የሚጫወቱት ነገር እንዴት ይታወቃል ብሎ የጠየቀው (1ኛ ቆሮ. 14፥7) ለእኛም ይሠራል።

የአባቶቻችንን ዘመን አስቡ። በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ቅዱሳን በየቤቱ ሲሰበሰቡ ኪቦርድ አልነበረም፤ ማጨብጨብ እንኳ ጎረቤት ይሰማል ተብሎ ይተዉት ነበር። በሹክሹክታ ዘመሩ። ስለ እምነቱ ዓመታትን በእስር ያሳለፈው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች እስከ ዛሬ በአፋችን ያሉት ሕዝቡ በገዛ ድምፁ ስለተሸከማቸው ነው። ጳውሎስና ሲላስም በእኩለ ሌሊት እግራቸው ግንድ ውስጥ ሆኖ ሲዘምሩ እስረኞቹ ያዳምጧቸው ነበር (የሐዋ. 16፥25)። የዛሬው ጉባኤ መብራት ቢጠፋ መዝሙሩን መጨረስ ይችላል? መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መከራ ቢመጣ ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይከብዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፣ ወጣቱን በድምፅ እንይዛለን ስንል የጉባኤውን አፍ እንዳንዘጋ እፈራለሁ።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስብከቱ አለቀ። ሰባኪው «ጌታን መቀበል የምትፈልጉ» አለ። ኪቦርዲስቱ ቁልፏን ተጫነ። ድምፁ ከታች ተነሥቶ እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ፊት ወጣ፤ አለቀሰ። ሁላችንም ሃሌሉያ አልን።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ ወደ ሥራ ሲሄድ ያ መንቀጥቀጥ የለም። ማክሰኞም የለም። ሐሙስ «ጌታ ትቶኛል» ወይም «ድሮም ውሸት ነበር» ይላል። ማን አታለለው? ጌታ አላታለለውም። እኛ የወንጌልን ቃል ይዘን ሳለ ቤቱ ይዞት ሊሄድ የማይችለውን ነገር ሰጠነው። እምነት ከመስማት ነው፤ መስማትም ከክርስቶስ ቃል ነው (ሮሜ 10፥17)። ቃሉን ታክሲ ውስጥም ይዞት ይሄድ ነበር፤ «ክርስቶስ ስለ ኃጢአቴ ሞተ፤ ተነሣ» የሚለው እውነት መብራት አይፈልግም፣ ሰኞ ላይ አይደክምም።

ይህን የምታነብ፣ ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፤ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጉባኤ መካከል ሁሉም ሲያለቅስ ምንም ሳይሰማችሁ ቀርቶ «እኔ የተጣልሁ ነኝ» ብላችሁ ከሆነ፣ አልተጣላችሁም። ኢየሱስ ደካሞችን ወደ እርሱ ሲጠራ ስሜታቸውን አልጠየቀም፤ እንዲመጡ ብቻ ጠራቸው (ማቴ. 11፥28)። ብዙ ተሰምቷችሁ ከሆነ ደግሞ በተሰማችሁ ነገር ላይ ሳይሆን በተነገራችሁ ቃል ላይ ቁሙ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለመጋቢዎችና ለአምልኮ መሪዎች፦ የንስሐ ጥሪ ሲደረግ፣ ስለ ሕመምተኞች ሲጸለይና የጌታ እራት ሲቀርብ አርፔጂዬተሩ ይጥፋ። ምንም መሣሪያ ባይሰማ ደግሞ የተሻለ ነው። ዝምታው የሚያስፈራን ከሆነ የምንፈራው ምን እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ። በወር አንድ እሁድም ጉባኤው ቢያንስ አንድ መዝሙር ያለ ምንም መሣሪያ ይዘምር፤ ያን ጊዜ ዘማሪ ጉባኤ አለን ወይስ ተመልካች የሚለው ይታወቃል።

ለኪቦርዲስት ወንድሞችና እህቶች፦ ፈጣን መዝሙር ላይ ከተጠቀማችሁበት «ሆልዱን» አጥፉት፤ እጃችሁ ሲነሣ ድምፁም ይነሣ። ፍጥነቱን ከጉባኤው ውሰዱ፤ በጣት ምት መሙላት የሚቻልበት ኪቦርድ ካላችሁ ሕዝቡ ሲዘምር ሰምታችሁ ሙሉት። በችክችካ ላይ ለሦስት የሚከፈለውን ምረጡ፤ የምትይዙትም ሦስት ድምፅ ይሁን። ከሕዝቡ ድምፅ በታች አድርጉት። ከሁሉም በፊት ግን ያንኑ አርፔጂዮ በገዛ ጣታችሁ መደርደርን ተለማመዱ። በዳዊት ዘመን ለእግዚአብሔር መዝሙር የተማሩና የተካኑ 288 ሰዎች ነበሩ (1ኛ ዜና 25፥7)፤ ተምረው ነው የተካኑት። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የማሽን ጣትም እንዲሁ።

«እኛ ትንሽ ጉባኤ ነን፤ ከበሮ መቺ የለንም፤ ያለን አንድ ኪቦርዲስት ነው፤ በሰው አገር አዳራሽ ተከራይተን ነው የምናመልከው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ድካማችሁን አውቃለሁ። ግን ትንሽ ጉባኤ ያለው ትልቁ ሀብት እርስ በርሱ መሰማማቱ ነው። ሃያ ሰው ሲዘምር እያንዳንዱ ድምፅ ይታወቃል። ቀለል ያለ ኮርድ ይያዝላችሁና በድምፃችሁ ሙሉት። እንደ ትልቅ ጉባኤ ለመምሰል ብላችሁ ያላችሁን አትሸፍኑ።

ለጉባኤው፦ የመሣሪያውን መነሣት አትጠብቁ። እናንተ ዘምሩ። የአጠገባችሁን ሰው ስሙት፤ ቢደክም ጠብቁት፤ ቃሉን የማያውቅ ከሆነ ቀስ ብላችሁ በጆሮው በሉለት።

በአሞጽ ዘመን እግዚአብሔር የዝማሬን ጩኸት ከእርሱ እንዲያርቁ፣ የመሰንቆንም ዜማ እንደማያዳምጥ ተናግሯል (አሞጽ 5፥23)። የዚያ ሕዝብ ችግር ሙዚቃው ማነሱ አልነበረም። ሙዚቃው ሞልቶ ፍርድና ጽድቅ ጎድሎ ነበር። የሰማይና የምድር ጌታ በሰከንድ ስምንት ድምፅ አይደነቅም። እርሱ የተሰበረ ልብ አይንቅም፤ የተሰበረ ልብ ደግሞ አንዳንዴ ከምቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ልብ የሚጠብቅ አምልኮ ጌታ ይስጠን።